አዲስ ፕሪንተር ከመግዛትህ በፊት፦ የድሮ ፎክስፕሮን ከሊኑክስ ላይ ስለማተም

ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የጠየቅከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በፎክስፕሮ፣ በድሮው የዶስ ዳታቤዝ፣ የተሠራው የክሊኒካችሁ ፕሮግራም ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ፣ የዶስ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በዶስኢሙ ይከፈታል፣ መዝገቡም ይታያል፣ አትም ስትለው ግን ምንም አይወጣም። "አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ብገዛ ይፈታል ወይ?" ብለሃል። አይፈታም። አትግዛ። እኔ ገዝቼ 11,000 ብር ከደመወዜ ተቆርጧል።

ፕሮግራሙ ከተከፈተልህ ዶስኢሙን ስለመጫን አላወራህም። የድሮው ባለ መርፌ ኤፕሰን ፕሪንተር እጅህ ላይ እንዳለ አድርጌ ልቀጥል። እኛም ጋ የነበረው እሱ ነው።

1. ፎክስፕሮም ሆነ ክሊፐር የሚባለው ሌላው የዶስ ዳታቤዝ መሥሪያ የሚያውቁት ኤልፒቲ 1 የሚባለውን የፕሪንተር ፖርት ነው። ጽሑፉን በቀጥታ እዚያ ላይ ያፈሱታል። የሚልኩት ደግሞ ፊደል ብቻ አይደለም። መሃል መሃል ለፕሪንተሩ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ቁጥር 15 የሆነው ምልክት ኤፕሰኑን "ፊደሉን አጥብብ" ይለዋል፣ 18 ደግሞ "ወደ ቦታው መልስ"። በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚይዘው ወረቀት 132 የሚያስተናግደው በዚህ ዘዴ ነው። ሰፊ ፔሮል ካለህ ይህን በደንብ ታውቀዋለህ። ብዙዎቹ ርካሽ ሌዘሮች ይህን ቋንቋ አይሰሙም። ኮምፒውተሩ ራሱ ገጹን እንደ ሥዕል አዘጋጅቶ እንዲልክላቸው ነው የሚጠብቁት። የዶስ ፕሮግራም ያንን አያደርግም።

2. ገመድ። ይህ ነው ጉዱ። በ2012 ሰኔ ላይ ነው። የባሕር ዳርን የሰኔ መብረቅ ታውቀዋለህ፣ ከሐይቁ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የድሮው ኮምፒውተራችን አልነሳም። ዳታውን ከሃርድ ዲስኩ አወጣሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ግን የዶስ ፕሮግራም አይከፍትም። ሊኑክስ ጫንኩና ተከፈተ። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ ማለት ያኔ ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር የድሮው ፕሪንተር የሚሰካበት ሰፊው ፖርት የለውም። የሚያስፈልገኝ ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር አንድ ገመድ ብቻ ነበር። ግዢ ክፍል ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ሦስት ፕሮፎርማ" አለኝ። ከተማውን ዞርኩት። ገመዱን ያገኘሁት አንድ ሱቅ ብቻ ነው። አንድ ፕሮፎርማ ይዤ ተመለስኩ። "ሦስት አልኩህ እኮ፣ አማርኛ አይገባህም?" አለኝ፣ ሰው እየሰማ። ለ400 ብር ገመድ ነው ይህ ሁሉ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ሌዘር ፕሪንተር ግን በየሱቁ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ በግማሽ ቀን ተገኘ። እኔም ጊዜው ሲያልቅብኝ "ይሁን፣ አዲስ ይሻላል" ብዬ ጥያቄው ላይ ፈረምኩ። ስህተቴ እሱ ነው። ፕሪንተሩ መጣ፣ ተሰካ፣ ኡቡንቱ አወቀው፣ የሙከራ ገጹም ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከፎክስፕሮ ስልክለት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና ዝም ይላል። ሦስት ሌሊት ቢሮ አመሸሁ። ሻጩ ጋ ስመልሰው "ካርቶኑ ተቀዷል፣ አንቀበልም" አሉኝ። ፋይናንስ ደግሞ "ጥያቄው ላይ የፈረምከው አንተ ነህ" አለና በአምስት ወር ከደመወዜ ቆረጠው።

በመጨረሻ ገመዱን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ፔሮሉ ሰኔ 28 ማታ ታተመ። ያን የመርፌ ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ።

3. ገመዱ ከተሰካ በኋላ ሌላ ወጥመድ አለ። ሊኑክስ ላይ ማተምን የሚያስተዳድረው ከፕስ ነው። ኤፕሰኑን ሲያይ በደግነት ድራይቨር ይመርጥልሃል። አትቀበለው። በድራይቨር ካለፈ ያ 15 ቁጥር ትእዛዝ ይጠፋል፣ የሠንጠረዡ መስመሮችም ወደማይታወቁ ፊደሎች ይለወጣሉ። ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት ብለህ ፖርት 631 ክፈትና ፕሪንተሩን አዲስ ጨምር። አምራቹን ሲጠይቅህ ሮው የሚለውን ምረጥ። ጥሬውን፣ እንደመጣ አሳልፍ ማለት ነው። ይህ አሠራር ወደፊት ይቀራል የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣብህ ይችላል። አትደንግጥ፣ እኔ ጋ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ የዶስኢሙን የማስተካከያ ፋይል ክፈት። ኤልፒቲ 1 የሚለው መስመር ፊት ሃሽ ምልክት ካለ አንሳው። እዚያ መስመር ላይ ኤልፒአር የሚለው ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሿ ኤል ይኑር። ያቺ ኤል ናት "አትንካው፣ እንዳለ አሳልፈው" የምትለው። ከአንድ በላይ ፕሪንተር ካለህ ደግሞ ሰረዝና ትልቁን ፒ ጨምረህ የፕሪንተሩን ስም ጻፍ።

እዚያው ፋይል ውስጥ የፕሪንተር መጠበቂያ ጊዜ አለ። መነሻው 20 ሰከንድ ነው። ዶስኢሙ ፕሮግራሙ መላክ አቁሞ ያን ያህል ዝም እስኪል ይጠብቅና ነው ለከፕስ የሚሰጠው። እኛ ጋ ገንዘብ ያዧ ይህን ስለማታውቅ አልታተመም ብላ ደጋግማ ትጫን ነበር። አንድ ደረሰኝ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። ወደ 5 ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ በታች አታውርደው። ረጅም ሪፖርት መሃል ላይ ሲያሰላ ቆም ይላል፣ ያኔ ለሁለት ተቆርጦ ይሄድብሃል።

የገጹን ርዝመትም እይ። የድሮ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ በ66 መስመር የተሠሩ ናቸው። ያ የ11 ኢንች ወረቀት ነው። ኤፎር ወደ 70 ይጠጋል። ፕሪንተሩ ላይ ያለው ልክና ወረቀትህ ካልተስማሙ በየገጹ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ አሥረኛው ገጽ ላይ ርዕሱ መሃል ይወርዳል። ሮው ስለሆነ ከፕስ አያስተካክልልህም፣ ከፕሪንተሩ ቁልፎች ነው የሚስተካከለው።

ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ያለውን ወረቀት ደግሞ ክረምት ላይ መሬት ላይ አታስቀምጥ። የእኛ እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ከዚያ የፕሪንተሩ ጥርስ ላይ እየተቀደደ ያስለቅስሃል። እኛ መደርደሪያ ላይ በፌስታል ጠቅልለን ነው የምናስቀምጠው።

ኤፕሰኑ ከሞተና ሌዘር ብቻ ካለህ መንገድ አለ፣ ግን ይረዝማል። ሪፖርቱን ከፎክስፕሮ ወደ ፋይል አውጣ። አይኮንቭ በሚባለው ትእዛዝ 437 ከሚባለው የዶስ የፊደል ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ቀይረው። የፕሪንተር ትእዛዞቹን ከውስጡ አጽዳ፣ ከዚያ በድራይቨር አትመው። ለወር መጨረሻ ሪፖርት ይሆናል። ታካሚ ቆሞ ለሚጠብቀው ደረሰኝ ግን አልመክርህም።

በዚህ መንገድ እስካሁን ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ሠርቻለሁ፣ ሦስቱም "ፕሮግራሙን ጣሉት" ተብለው ነበር። የአንተም ይሠራል። ትርፍ ገመድ አለኝ። አንተም እዚሁ ባሕር ዳር ስለሆንክ ከመግዛትህ በፊት ወስደህ ሞክርበት። ቢሮዬ አባይ ማዶ ነው፣ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት አለሁ። ስትመጣ የፕሪንተሩን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ና፣ መሰኪያውን አይቼ ገመዱ ይሆን እንደሆነ እነግርሃለሁ።