ድንጋይ መስሎ በዝናብ የፈረሰው ካብ

ጥያቄ፦ ማሳዬ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፣ ከጣና ብዙም አይርቅም። አፈሩ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው። በበጋ ኩሬ ሳስቆፍር ከሥር ግራጫ ድንጋይ የመሰለ ነገር ወጣ። ጠንካራ ስለነበር የማሳውን ዳር ካብሁበት። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲነካው አበጠና ጭቃ ሆነ። ምንድን ነው? ኩሬውስ ውሃ ይይዝልኛል? ዘንድሮ ስንዴ ልዘራ አስቤ ነበር።

መልስ፦ ጋሼ፣ ድካምዎ ያሳዝናል። ካብ መካብ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው።

እንደነገሩኝ ከሆነ የወጣው ሸክላ የበዛበት ልል ድንጋይ ነው። የጣና ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። በረጅም ዘመን ሲበሰብስ ሸክላ ይሆናል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ የሚበዛው የሸክላ ዓይነት ስሜክታይት ይባላል። መሶብ ውስጥ የተነባበረ እንጀራ ያስቡ። ውሃ በየንብርብሩ መሃል ይገባና ይገፋዋል፣ ሸክላው ያብጣል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ደርቆ የከረመ ከሆነ በውስጡ የታፈነው አየርም ስለሚገፋው ቶሎ ይፈርሳል።

ከእንግዲህ ከመካብዎ በፊት ከድንጋዩ አንድ ደረቅ ጉማጅ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይክተቱና ያሳድሩት። ጠዋት ፈርሶ ካገኙት ለካብም ለቤት መሠረትም አይሆንም።

ማሳዎም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በበጋ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ውሃው ላይ ይተኛል። ሥር አየር ያጣል፣ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርበታል። ገንዘቡን ነው የሚያጣው።

ስለዚህ ስንዴ የሚዘሩት ውሃው መውጫ ካለው ብቻ ነው። ሰፊ መደብ ያውጡ፦ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40። ለዚህ የሚሆን በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አለ፣ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ። ፈሰስ ሲያወጡ ቁልቁል ቀጥ አድርገው አይልቀቁት፣ ገደል ይቆርጥብዎታል። አግድም ዘንበል አድርገው ይምሩት። ጎረቤትዎ ማሳ ላይም እንዳይወርድ።

በመራዊ በኩል ቀይ አፈር የሚያርስ ዘመድ ቢመክርዎ ይጠንቀቁ። የዚያ አፈር ሸክላ ንብርብሩ የተጣበቀ ነው፣ እንዲህ አያብጥም። ለእሱ የሠራው ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

ማሳው ለጥ ያለና መውጫ የሌለው ከሆነ ግን ስንዴውን ይተዉት ባይ ነኝ። ክረምቱን ሩዝ ያድርጉት፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይከተላል። ዋልካ እርጥበት በመያዝ ማንም አይደርስበትም። አፈሩ ገና ጭቃ ሳለ ከብት አያስገቡበት፣ ይጠቀጠቃል። በበጋም የበሬ እግር በስንጥቅ ሲሰበር አይቻለሁ፣ በሬዎችዎን አደራ።

ኩሬው? ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ራሱን ስለሚዘጋ ውሃ ይይዛል። ከደረቀ ግን ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ የሚገባው ውሃ እስኪዘጋው ድረስ ይሰርጋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ አይተዉት። ጎኑንም ቀጥ አድርገው አይቁረጡት፣ እርጥብ ሸክላ ይናዳል። ለ1 ሜትር ጥልቀት ወደ ውጭ 2 ሜትር ያህል ያጋድሙት። ልጆች እንዳይገቡበት ዛሬ ነገ ሳይሉ አጥር ይሥሩለት።

ክረምት ላይ ውሃው ማሳዎ ላይ ስንት ቀን እንደሚተኛና በየት በኩል እንደሚወጣ ይጻፉልኝ። መደቡን በየት አቅጣጫ እንደሚያወጡ ያኔ አብረን እንወስናለን።