ስለ ድድ የጠየቃችሁኝና መልሴ

የጥርስ ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ስለ ድድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ዘነበ በቃ። የተደጋገሙትን ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ስቦርሽ ይደማኛል፣ ግን አያመኝም። ቡርሹ ይሆን?

መልስ፦ ተንኮሉ አለማመሙ ላይ ነው። ጤነኛ ድድ በቡርሽ አይደማም። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጋ በጥፍርህ ብትፍቀው የሚወጣ ነጭ ለስላሳ ነገር አለ አይደል፣ ድድህን ያስቆጣው እሱ ነው። ሰው ደም ሲያይ ይፈራና ያንን ቦታ እየዘለለ ይቦርሻል፣ ከዛ ይብስበታል። ለስላሳ ቡርሽ ያዝ፣ ወደ ድዱ ዘንበል አርገህ ቀስ እያልክ ጠዋትና ማታ 2 2 ደቂቃ ቦርሽ፣ በ2 ሳምንት ካልቀነሰ ሀኪም ጋ ሄደህ ታይ።

ጥያቄ፦ ድዴ ንቅሳት ነው፣ መቅላቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ፣ ይሄን የሚጠይቅ የለም። ንቅሳት ቅላቱን ይሸፍናል፣ ስለዚህ ቀለሙን ተይው። በሁለት ጥርስ መሀል ያለችውን የድድ ጫፍ በመስታወት እያት፣ ደህና ከሆነች ሹል ብላ ጥርሱን ጥብቅ አርጋ ትይዛለች፣ ከታመመች አብጣ ድቡልቡል ትላለች፣ ታብለጨልጫለች።

ጥያቄ፦ አጨሳለሁ፣ ድዴ ግን ደምቶ አያውቅም።

መልስ፦ እኔ እንደውም የምፈራው አንተን ነው። ሲጋራ የደም ስር ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቀዋል፣ በሽታው ከስር ስራውን ይሰራል።

ጥያቄ፦ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ ወሬ ስንት ጥርስ አስነቀለ መሰላችሁ! ያ ለስላሳው ቆሻሻ ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ታርታር የምንለው ነው፣ በብዛት የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላይ ይጋገራል። አንድ አባት ተሰርቶላቸው ሲጨርሱ ምላሳቸውን እየሰደዱ "ጥርሴን ሸረፍሽው" ብለው ተቆጡኝ፣ የወጣውን ቡናማ ቁራጭ በጎዝ ላይ አርጌ ሳሳያቸው ዝም አሉ። ጥርሱ ከተነቃነቀም አጥንቱ ቀድሞ ስለተበላ ነው፣ ድንጋዩ እንደ ሲሚንቶ አያይዞት ነበር።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ፣ ተሻለኝ፣ በወሩ ተመለሰ።

መልስ፦ ይመለሳላ! ኪኒን ድንጋይ አያነሳም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይ መዋጥ ካቃተህ ግን ዛሬውኑ ሂድ።

ጥያቄ፦ መፋቂያ ይበቃል?

መልስ፦ በደንብ ከተፋቀ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰው ፊት ለፊቱን እያሳመረ የመንጋጋውን ጀርባ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ድዴ አብጧል፣ ጥርስ ማሳጠብ ይከለከላል?

መልስ፦ አይከለከልም፣ እርግዝናሽን ንገሪያቸው ብቻ። ሆርሞኑ ነው ያባባሰው።

ጥያቄ፦ ድዴ ሸሽቶ ጥርሴ ረዝሟል፣ ገና 34 አመቴ ነው። ይመለሳል?

መልስ፦ የሸሸው ድድ በራሱ አይመለስም፣ አጥንቱም እንደዛው፣ ባለበት ማቆም ግን ይቻላል። በጥርስና በድዱ መሀል ያለውን ክፍተት ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ይለኩልሃል፣ እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ ካለፈ ቡርሽ የማይደርስበት ኪስ ተፈጥሯል ማለት ስለሆነ ከድዱ ስር ይጠረጋል፣ ከዛ በየ3 ወሩ እየተመላለስክ ትታያለህ። ስኳርህንስ ተለክተህ ታውቃለህ? ባንተ እድሜ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፣ ተለካና ውጤቱን ይዘህ ሂድ።