አክታው ነጻ ሆነ፤ ሰውየውስ?

በተላላፊ በሽታዎች ምርምር ላይ ልትሠማሩ ለምታስቡ ወጣት ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ፋርማሲስቶች፤

የሳንባ ሐኪም ነኝ። ጡረታዬ ስለደረሰ ምክር ባበዛ አትፍረዱብኝ። ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ በየትኛው መድኃኒት ላይ ብሠራ ያዋጣኛል?» መድኃኒቱ ይቆያችሁ። መጀመሪያ ምን እንደምትለኩ፣ እስከ መቼም እንደምትለኩ ወስኑ። መድኃኒት በተላመደ ቲቢ (የተለመዱት መድኃኒቶች በማይገድሉት ቲቢ) ሕክምና ውስጥ ያየሁት ደጉም ክፉውም ነገር አብዛኛው የመጣው ከዚህ ውሳኔ ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ ላንሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ስትሬፕቶማይሲን በ1943 አሜሪካ ውስጥ ተገኘ። ቲቢን በእርግጥ የሚነካ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነበር። እንግሊዞች ገና ከጦርነት መውጣታቸው ነበርና መድኃኒቱ ለሁሉም አልዳረስ አላቸው። ስለዚህ ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 55ቱ መድኃኒቱንም የአልጋ ዕረፍቱንም አገኙ፤ 52ቱ ዕረፍቱን ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒት ካገኙት 4፣ ካላገኙት ደግሞ 14 ሰዎች ሞቱ። ውጤቱ በ1948 ታተመ። እዚህ ላይ ገጹን ብትዘጉት እልል የሚያሰኝ ነው።

አምስት ዓመት ሲሞላስ? ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተዋል። ያ ሁሉ ልዩነት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ፣ በተፈጥሯቸው የማይበገሩት ጥቂት ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ። ሌላው ሲያልቅ ሜዳው ለእነሱ ይለቀቃል፤ ይራባሉ። ደግነቱ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ገና በመጀመሪያው ሪፖርት አይተው ጽፈውታል። ብዙም ሳይቆዩ ፓስ ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር አጣምረው ሲሞክሩት ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱ በጣም ቀነሰ። ዛሬም ቲቢን በአንድ መድኃኒት የማናክመው ለዚህ ነው።

እናንተ ደግሞ ያላችሁበት ዘመን ሕትመት ሕትመት የሚል ነው። የጥናት ዕቅድ ስታሳዩኝ ክትትሉ ሁልጊዜ ስድስት ወር ነው። ለምን ስድስት ወር ስላችሁ ዝም። የጥናቱን ርዝመት የሚወስነው በሽታው ነው ወይስ የመመረቂያችሁ ቀን? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በተደራጀ መልክ መታከም የጀመረው በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅ ነበር። ለወራት መርፌ፣ በዚያ ላይ እፍኝ የሚሞላ ክኒን። እንደ ካናማይሲን ያሉት መርፌዎች የውስጥ ጆሮን ሴሎች ይገድላሉ፤ ሴሎቹ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ከሰው ንግግር በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ አያውቀውም። በመሣሪያ ካልተለካ ሐኪሙም አያውቅም። ያወቅን ዕለት ጉዳቱ ንግግር ጋ ደርሷል።

አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። ነርሷ ስሟን ስትጠራ ዞር አላለችም፤ ደግማ ስትጠራትም እንደዚያው። እናቷ ትከሻዋን ነካ አደረጓት፤ ከዚያ ተነሣች። የአክታ ካልቸሯ (ባክቴሪያው ከአክታ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ለወራት ነጻ ነበር። መዝገቡ ላይ «ድናለች» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አይደለም፣ ከቲቢው ድናለች። መዝገቡ ግን ለጆሮ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም። ዓምድ የሌለው ነገር ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ሪፖርት ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ በጀት የለውም።

ነገሩ የተለወጠው ጉዳቱ ራሱ እየተቆጠረ ሲመጣ ነው። «ስትሪም» የሚባለው ትልቅ የሕክምና ሙከራ አዲስ አበባ ውስጥም ተካሂዷል። ሁለተኛው ምዕራፉ በ2022 ሲታተም፣ ቤዳኩዊሊን የሚባል የቲቢ ክኒን ያለበትን በአፍ ብቻ የሚወሰድ ሕክምና መርፌ ካለበት ጋር አወዳድሮ ነበር። ጥሩ ውጤት ያገኙት በአፍ ከሚወስዱት 83 በመቶ፣ መርፌ ከሚወጉት 71 በመቶ ሆኑ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ከባድ የመስማት ጉዳት የደረሰባቸው በአፍ ከሚወስዱት 2 በመቶ፣ መርፌ ከሚወጉት 9 በመቶ ነበሩ።

ሊኔዞሊድ የሚባለውን መድኃኒትም እዩት። ከቤዳኩዊሊንና ፕሪቶማኒድ ከሚባል ሌላ የቲቢ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ109 ሰዎች ላይ ሲሞከር ዘጠና በመቶው ጥሩ ውጤት አገኙ። በ2020 ያ ወሬ ሲሰማ ሁላችንም ተደስተናል። ነገር ግን 81 በመቶው ነርቫቸው ተጎድቶ እጅና እግራቸውን ደነዘዛቸው፣ አቃጠላቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን አልሸፈኑትም፤ ቆጠሩት። ስለቆጠሩትም ቀጣዩ ሙከራ የሊኔዞሊዱን መጠን በቀን ከ1200 ወደ 600 ሚሊግራም ዝቅ አድርጎ ፈተሸው። የነርቭ ጉዳቱ ወደ 24 በመቶ ወረደ፤ የሕክምናው ውጤት ግን 91 በመቶ ላይ ጸና። ዛሬ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ያለው የስድስት ወር ሕክምና በ600 ሚሊግራም የሚሰጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

አሁን ማንም በቅጡ ያልያዘው ሥራ ሳንባው ነው። ቲቢ ሲድን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። የአየር ቧንቧዎች ይሰፋሉ፣ አክታ ያቁራሉ፣ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። ሰውየው አክታው ነጻ ነው፣ ግን እንጦጦን ሽቅብ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ይቆማል። ሲያስለው ጎረቤት «ተነሣበት» ይላል። እሱም ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳያስፈልገው የቲቢ መድኃኒት እንደገና ይጀመርለታል። ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል። (ሲፕሮ የቲቢን ምልክት ለጊዜው ደብቆ ምርመራውን የሚያዘገይ መድኃኒት ወገን ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ይህን ለማጥናት የውጭ ገንዘብ አትጠብቁ። ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ አቅም መለኪያ) ካገኛችሁ እሰየው። ካጣችሁ 30 ሜትር ኮሪደር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች ፕላስተር ለጥፉበት፤ በጣት የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያና ሰዓት ያዙ። ሰውየውን ስድስት ደቂቃ አራምዱትና የሄደውን ሜትር ጻፉ። ሕክምና ሲጨርስ፣ ዓመት ሲሞላው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ድገሙት። ከመታመሙ በፊት የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ይሠራ እንደሆነም ጠይቁት። ሸማኔ ወይም የቀን ሠራተኛ ከሆነ መልሱ ከሜትሩ ይበልጣል።

ባክቴሪያው ቤዳኩዊሊንንም መላመድ ጀምሯል። ጤና ጣቢያና ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ያለው የተለመደው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመድ በሁለት ሰዓት ገደማ ይነግረናል፤ ስለ ቤዳኩዊሊን ግን ምንም አይልም። እሱን ለማወቅ ሳምንታት የሚወስድ ካልቸር ወይም የዘረመል ንባብ ያስፈልጋል። ላቦራቶሪ የምትወዱ ልጆች፣ ሥራው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ተራ ነገር ልጨምር፤ ረጅም ክትትልን የሚያበላሸው እሱ ስለሆነ። ሲም ካርድ ይቀየራል፣ የቤት ኪራይ ይቀየራል፣ ሰው አረብ አገር ይሄዳል። ሕመምተኛውን ስትመዘግቡ አንድ ስልክ አይበቃም፤ ሦስት ያዙ። ሦስተኛው አገር ቤት ያለ ዘመድ ቢሆን ጥሩ ነው። ለማን መደወል እንደምትችሉና ለማን እንደማትችሉ ግን እሱ ራሱ ይንገራችሁ፣ ጻፉትም። ስትደውሉ ሌላ ሰው ካነሣው ስማችሁን ብቻ ተናገሩ። የሆስፒታሉን ስም አትጥሩ፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ስም የሰማ ሰው በሽታውን ለመገመት ጊዜ አይፈጅበትም።