ካረጡ በኋላ የመጣ ማንኮራፋት

ባለፈው ስለ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ቆም ቆም ስለሚልበት ችግር ስጽፍ የባሎችን ማንኮራፋት ብቻ አወራሁ። ሴት አንባቢዎቼ አልማሩኝም። ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ 53 ዓመቴ ነው። ካረጥኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ድሮ ስተኛ መኖሬም አይታወቅ ነበር፤ አሁን ልጄ ከጎን ክፍል ግድግዳ ትደበድብልኛለች። ምን ነካኝ?

መልስ፦ ዋናው ሆርሞን ነው። ፕሮጄስትሮንን ከእርግዝና ጋር ብቻ እናያይዘዋለን እንጂ አተነፋፈስንም ያነቃቃል፤ ምላስን የሚደግፈው ጡንቻ በእንቅልፍ ሰዓት ጨርሶ እንዳይዝል ያግዛል። ሴት ስታርጥ ይህ ሆርሞን ያሽቆለቁላል። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጉሮሮ ይጠባል። አየሩ በጠባቡ ሲሹለከለክ ማንኮራፋት ይመጣል፤ ጭራሽ ሲዘጋ ትንፋሽ ይቆማል። ስቡም ቦታ ይቀይራል፤ ዳሌ ላይ የነበረው ወደ ሆድና አንገት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ዊስኮንሲን ጥናት፣ ዕድሜና ውፍረት ታስቦ እንኳ፣ ያረጡ ሴቶች በአፕኒያ የመያዝ ዕድላቸው ካላረጡት ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ወፍረሽ ነው» ብሎ ነገሩን ለሚዘጋብዎ ሰው እጅ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ታፍኜ ብድግ እላለሁ። ጎረቤቴ «ዱካክ ነው» ትላለች። ሐኪም ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘልኝ።

መልስ፦ ዱካክ ሲይዝ ሰው ነቅቶም መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ልጩህ ቢል አፉ አይታዘዘውም። እርስዎ ግን ብድግ ይላሉ። ጠዋት ራስዎን ያምዎታል? አፍዎ ይደርቃል? ቀን ቀን ድክም ይልዎታል? በሴቶች ላይ አፕኒያ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ድብርት። ለዚህም ነው ጭንቀት ተብሎ የሚታለፈው። አፕኒያ ሊኖር እንደሚችል የሚገመትበት ስቶፕ ባንግ የሚባለው የታወቀ መጠይቅ እንኳ ወንድ ለሆነ ሰው በወንድነቱ ብቻ አንድ ነጥብ ይሰጣል! አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒኖች ጉሮሮን የባሰ ያላላሉ። ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ግን «አፕኒያ ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቁ። ደም ግፊት ካለብዎ ደግሞ ቶሎ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። እናቴ ቤት ውስጥ በሚደረግ መሣሪያ ተመርምራ ውጤቷ 9 ሆነ። «ቀላል ነው» ተባለች። እውነት ቀላል ነው?

መልስ፦ 9 ማለት በአንድ ሰዓት በአማካይ ዘጠኝ ጊዜ ትንፋሿ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል ማለት ነው። ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። አማካይ ግን ያታልላል። በሴቶች ላይ መቋረጡ ብዙውን ጊዜ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ይከማቻል፤ የቀረው ሌሊት ሰላም ስለሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። አብዛኛው የቤት መሣሪያ ደግሞ የአንጎልን ሞገድ ስለማይለካ ነቅታ የተጋደመችበትንም ሰዓት እንደ እንቅልፍ ቆጥሮ ያካፍላል፤ ቁጥሩ በዚህም ይወርዳል። ድካሙ ካልለቀቃት በእንቅልፍ ላቦራቶሪ እንድትመረመር ጠይቂላት።

ጥያቄ፦ ሆርሞን ብወስድ ይሻለኛል ወይስ ለአፕኒያ የሚታዘዘው የመተንፈሻ ማሽን ግድ ነው?

መልስ፦ ለአፕኒያ ተብሎ ሆርሞን አይታዘዝም። ሲፓፕ የሚባለው አየር የሚነፋ ጭንብል እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ፤ አሁንም መካከለኛና ከባድ ለሆነው ዋናው ሕክምና እሱ ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ካሉ ባትሪውን አብረው ያስቡ። እስከዚያው በጎንዎ ይተኙ፤ ማታ ማታ መጠጥ ይቅርብዎ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከምም ድካምና ማንኮራፋት ሊያመጣ ስለሚችል እሱንም ያስመርምሩ።