ቦይ፣ እድርና ርክክብ፦ የሰፈር ሥራን በእቅድ ስለመምራት ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። ሙያዬ የግንባታ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በብሎካችን የጎርፍ ቦይ ሥራ ላይ እቅዱን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል። ሁሉም እንዲያየው እዚሁ ብንነጋገር ይሻላል። ስለ ቤት ዋጋና ስለ ካርታ አልመልስም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ የሰፈር ገንዘብ በማንም ሰው የግል ቴሌብር አይሰበሰብ።

ጀማሪው፦ ጤና ይስጥልን ኢንጂነር። በሙያችን ሰፈራችንን ማገልገል እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የትኛው ሰፈር? ችግሩ ምንድን ነው? ስንት ሰው ናችሁ? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

የኮዬ ነዋሪ፦ እኛ ኮዬ ፈጬ ነን። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ግራውንድ ላይ ያሉ ቤቶች ውስጥ ይገባል። ወጣቶቹ 40 ሜትር ያህል ቦይ ለመቆፈር ተስማምተዋል። እቅዱን እንዴት እናውጣ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።

ከመቆፈራችሁ በፊት ያለውን ፈትሹ። በእኛ ብሎክ ሁሉም ሰው «ቦይ የለም» ይል ነበር። ቦዩ ግን አለ። ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ውስጥ ስናይ ሃይላንድ፣ ፌስታልና ዳይፐር እስከ አፉ ጢም ብሏል። ያን አውጥተን ስንጨርስ ከሥር ከግንባታው የተረፈ ሲሚንቶ ደርቆ የቱቦውን ግማሽ ዘግቶታል። መዶሻና መሮ ይዞ የገባ አንድ ልጅ ከአስር ቆፋሪ በላይ ሠራ። ልንቆፍር ካሰብነው ግማሹ ቀረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 40 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካላችሁ 10 ሜትር ኪዩብ አፈር ነው። ልምድ የሌለው በጎ ፈቃደኛ በአራት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ካወጣ ጎበዝ ነው። ስለዚህ 20 ሰው ለአንድ ግማሽ ቀን ያስፈልጋችኋል። ግን 20 ሰው ጠርታችሁ አምስት አካፋ ካላችሁ 15ቱ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። 6 ዶማ፣ 8 አካፋና 3 ባሬላ አዘጋጁ። ባሬላውን ለሁለት ለሁለት ሲይዙት 20ው ሰው ሁሉ እጁ ሥራ ያገኛል። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው መሣሪያው ነው፤ የሰው ብዛት አይደለም።

ቁልቁለቱን በዓይን አትገምቱ። ግንበኛ የሚጠቀምበትን፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በውሃ ሞልታችሁ ለኩ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በየሜትሩ 1 ሴንቲ ይውረድ፤ በ40 ሜትር 40 ሴንቲ ማለት ነው። የወጣውን አፈር ከቦዩ ጠርዝ አርቁት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ዶማ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የውሃ መስመር፣ የመብራትና የቴሌ ኬብል የት እንደሚያልፍ በወረዳችሁ በኩል አረጋግጡ።

ቀኑን ከሰኔ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የእኛ አፈር መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ግንቦት አጋማሽ ላይ ያላለቀ ቦይ አላለቀም በሉት።

ሶፍትዌር ወዳዱ፦ የትኛውን ሶፍትዌር ይመክሩናል? ጋንት ቻርት የሚሠራ ነጻ አለ?

መልስ፦ ጋንት ቻርት ማለት የትኛው ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በመስመር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ሄንሪ ጋንት ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው፤ በወረቀት። ለአንድ ቦይ ካርቶንና ማርከር ይበቃል። ሁሉም የሚያየው ቦታ፣ ኮሚናሉ በር ላይ ለጥፉት።

የብሎክ 7 እናት፦ እኛ ኮሚቴ አቋቁመን ነበር። በሁለት ወሩ ፈረሰ። ምን አጠፋን ይላሉ?

መልስ፦ እናቴ፣ ምናልባት አዲስ ኮሚቴ ማቋቋማችሁ ራሱ ይሆናል። እድር አላችሁ አይደል? እድሩ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ንብረት ያዥ አለው። የአባላት መዝገብ፣ ወርሃዊ ስብሰባና ያልመጣ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ሰው በእኩለ ሌሊት ቢሞት በነጋታው ጠዋት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ቡና ተፈልቶ ይገኛል። እኔ በሥራዬ በደሞዝ የማስተዳድረው ቡድን በዚያ ፍጥነት ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ባለበት ሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው ማኅተም የሌለው ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ኮሚቴ ብር አይሰጥም። ልክም ነው።

የእኛ ሙያ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ለዳኛው አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ ስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ ማን ይረከባል። «ምን እንደማይሠራ» የሚለውን አትዝለሉት። የእኛ ላይ «የመኪና ማቆሚያ አይነጠፍም» ብለን ባንጽፍ ኖሮ ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ይዘን እንጣላ ነበር። ብሩም በእድሩ ሒሳብና ደረሰኝ ይግባ። በግል ቴሌብር አይሰብሰብ።

ወጣቱ፦ ለሚቆፍሩት የቀን አበል ብንከፍል ነውር ነው?

የድሮ ሰው፦ በጎ ፈቃድ ከተባለ ብር ምን አመጣው? እኛ ደቦ ስንወጣ ማን ከፈለን?

ግንበኛው፦ ጋሼ፣ ደቦ እኮ ተራ ነበረው። ዛሬ ለእርስዎ፣ ነገ ለእኔ። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜዬን ከሰጠሁ የቅዳሜ እንጀራ የለም። ደሞዝተኛው ቢሰጥ የሚሰጠው ዕረፍቱን ነው።

የድሮ ሰው፦ እንግዲያው እሁድ ይደረጋ።

የብሎክ 7 እናት፦ እሁድማ ቅዳሴ አለ። ለቅሶ መድረሱም፣ ማኅበሩም እሁድ ነው።

ወጣቱ፦ ኳስም አለ።

የድሮ ሰው፦ ለኳስ ጊዜ ያለው ትውልድ ለሰፈሩ ጊዜ አጣ ማለት ነው?

መልስ፦ ኳሱን ተዉት፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ግንበኛው ልክ ነው። የቀን ሠራተኛን ጉልበት በነጻ አትጠይቁ። ድንጋይ የሚያነጥፍ፣ ሲሚንቶ የሚለስን ሲያስፈልግ ዋጋውን በበጀቱ ጽፋችሁ ክፈሉት። ለቀረው ሰው ምሳ ይበቃል፤ ሽሮው በእድሩ ድስት ይሠራ። ቀኑ እሁድ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቢሆን ከቅዳሴም ከለቅሶም ጋር አይጋጭም።

ሰርተፊኬት ያለው፦ ፒኤምፒ፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት የሙያ ሰርተፊኬት፣ አለኝ። የሰፈር ሥራ ለእድሳቱ ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል። በየሦስት ዓመቱ 60 ፒዲዩ፣ ማለትም የሙያ ማሻሻያ ነጥብ፣ ትሞላለህ። ከዚያ ውስጥ ሙያህን ለሌሎች በማካፈልና በማገልገል እስከ 25 ማግኘት ይቻላል። አንድ ሰዓት አንድ ነው። ክፍያ ያልተቀበልክበት፣ የሙያው ሥራ መሆን አለበት፤ አካፋ መያዝ አይቆጠርም። ሰዓትህን መዝግብ፤ የእድሩንም ደብዳቤ ያዝ።

ሕግ ጠያቂ፦ ድርጅት ሆነን መመዝገብ የለብንም?

መልስ፦ ለቦይ? አያስፈልግም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። ከዚህ ያለፈውን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጀማሪ፦ ኢንጂነር፣ ሰፈራችንን መርዳት እንፈልጋለን። ከምን ብንጀምር ጥሩ ነው?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል። እባካችሁ አንብቡ።

ችግኝ ተካይ፦ እኛ ችግኝ ልንተክል ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ወጥተናል። የሚጸድቀው ግን ጥቂት ነው።

መልስ፦ ስለ ችግኝ ዓይነት የደን ባለሙያ ያውቃል። እኔ የምጠይቀው ስለ ርክክቡ ነው። ሐምሌ ላይ የተተከለውን ኅዳር ላይ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ። «ማኅበረሰቡ» ካልከኝ ማንም የለም ማለት ነው።

ቦይም እንዲሁ ነው። የእኛን ቦይ ስናስረክብ በየወሩ የየትኛው መወጣጫ ደረጃ ነዋሪዎች እንደሚጠርጉት ተጽፏል፤ የማንሆሉ መንጠቆ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ጭምር። የድርጅቶች ፕሮጀክት ስሠራ ያለ ርክክብ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም። በበጎ ፈቃድ ሥራ ግን የሚከለከል ክፍያ ስለሌለ ርክክቡ ይረሳል። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሁሉም ይበተናል። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል፤ የሰው ላብ ነው በአንድ ክረምት የሚደፈነው።

የኮዬ ነዋሪ፦ የእኛ ቦይ ውሃውን የሚያወጣው ከታች ወዳለው የገበሬ ማሳ ነው። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ መልሴን የምጀምረው ከዚህ ነበር። አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው። ግራውንድ ላይ ያሉትን ቤቶች አድናችሁ የሰው ጤፍ ልታጥቡ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱና ከባለ ማሳው ጋር በቦታው ቁሙ፤ ውሃው ዱሮ በየት ይሄድ እንደነበር እሱ ያውቃል። መሬቱ በሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ የወረዳችሁ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የዚያኛውንም አስተዳደር ጠይቁ። ባለ ማሳው ሳይስማማ አንድ አካፋ አፈር እንዳታነሱ። ብርም አትሰብስቡ፤ ስትሰበስቡም በግል ቴሌብር አይሁን።

ጀሞዬ፦ እኛ ዘገየን። ዝናቡ ከጀመረስ?

መልስ፦ አትቆፍሩ። እርጥብ መረሬ ከአካፋ አይላቀቅም፤ የቆፈራችሁት ጠርዝም ይናዳል። ያለውን ቱቦ ብቻ ጥረጉ፤ ክዳን የሌለውን ማንሆል ልጅ እንዳይገባበት ሸፍኑ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው ጃንጥላ ይዞ ይውጣና ውሃው የሚገባበትንና የሚቆምበትን ፎቶ ያንሳ። ሲያባራ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን በቀለም አስምሩ። መስከረም ላይ ፎቶዎቹን ይዛችሁ እድሩ ስብሰባ ግቡ፤ ኅዳር ላይ አፈሩ ሲጠነክር ቆፍሩ።