ተራ ሰው ችግሩን እንዲያሳውቅ፦ ጥያቄና መልስ ከባህር ዳር

እንዴት ዋላችሁ የጣና ዳር ሰዎች። እዚሁ ከተማ ሰው የሚገዛበት፣ የሚሸጥበትና የሚጠያየቅበት አንድ የአማርኛ አፕ አለ። እሱ ላይ የሚመጡትን የብልሽት ሪፖርቶች የማነበው እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ስለሆንኩ ሪፖርት ማድረጊያውን ለሰው እንዴት እናቅልለው የሚለውን ጠይቁኝ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ስክሪንሾት ስትልኩ ስልክ ቁጥራችሁን፣ የባንክ ሂሳባችሁንና በመልእክት የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ሸፍኑ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ሰው ባግ፣ ማለትም የአፕ ብልሽት፣ ሲያጋጥመው ለምንድን ነው ዝም የሚለው? ስንፍና ነው?

መልስ፦ ስንፍና አይደለም። ሪፖርት ማድረጊያ ቅጹን ራስህ ክፈተውና እየው። «ኮምፖነንት» (የአፑ ክፍል) ይላል፣ «ሲቨሪቲ» (ክብደት) ይላል፣ «የኦፐሬቲንግ ሲስተም ቨርዥን» ይላል። አምባዛ ሊሸጥ አፑን የከፈተ ሰው ይሄን ሁሉ ከየት ያምጣው? እነዚህን የብልሽት መመዝገቢያ ሲስተሞች የሰሯቸው ፕሮግራመሮች ናቸው፣ የሰሯቸውም ለራሳቸው ነው። ከእነሱ አንዱ ባግዚላ፣ በፈረንጅ 1998 ከሞዚላ ሲወጣ ለፕሮጀክቱ ሰራተኞች ነበር የታሰበው። ዊኪፒዲያም ለዓመታት እሱን ሲጠቀም ቆይቶ በፈረንጅ 2014 ፋብሪኬተር ወደሚባል ሌላ መሰል ሲስተም ዞሯል። ሁለቱም ለባለሙያ ጥሩ መሣሪያ ናቸው። እኛ ግን የባለሙያውን የሥራ ጠረጴዛ እንዳለ አውጥተን እንግዳ መቀበያ አደረግነው።

ባለፈው ክረምት ከዘጌ ቡና የሚያመጡ አንዲት እናት ጀልባ መውረጃው ላይ አገኘሁ። «ማስታወቂያዬን ታጠፉብኛላችሁ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጽፈዋል፤ ሁለቱም ጊዜ «መረጃው አልተሟላም» ተብሎ ተዘግቶባቸዋል። አንዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እስቲ እንደ ወትሮዎ ያድርጉት አልኳቸውና ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። የቡናውን ፎቶ መረጡ። «ላክ» የሚለውን ነኩ። ምንም የለም። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ነው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ደግመው ነኩ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ትንሽ ቆይቶ አራት አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ተደርድሮ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ የተደጋገመ ነገር የሚያነሳው ማጣሪያ አራቱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቁልፉ ከተነካ በኋላ «እየተላከ ነው» የሚል አንዲት ቃል አልነበረችውም። እኚህ እናት ይሄን በየትኛው ሳጥን ውስጥ ይጻፉት? «ኮምፖነንት» የሚለው ውስጥ?

ፔዳ፦ ታዲያ ቅጹ ምን ይጠይቅ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ብቻ። ምን እያደረግክ ነበር? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅክ? ምን ሆነ? የስልኩን ዓይነት፣ የአፑን ቨርዥንና የተከፈተውን ገጽ አፑ ራሱ ያውቃቸዋል፤ ራሱ ይላካቸው። ፋየርፎክስ የሚባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ሜኑው ውስጥ የማይሰራ ድረ ገጽ ማሳወቂያ አለው፤ ስትከፍተው የገጹ አድራሻ ተሞልቶ ይጠብቅሃል። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ግን ከመላኩ በፊት ምን ምን እንደሚሄድ ለሰውዬው አሳየው። ሳይነግሩት መረጃውን የወሰዱበት ሰው ሁለተኛ አያምንህም።

ከሦስቱ ሁለተኛውን አትዝለሉት። ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። የት ይገኛል ብሎ እንደጠበቀ ካልነገረህ ዕቃው እውነት ይጥፋ ወይስ ሌላ ገጽ ላይ ይሁን አታውቅም። ሌላ ገጽ ላይ ከሆነም ደግሞ ችግር ነው፤ መንገዱ ግልጽ አይደለም ማለት ነው።

ጎርጎራ፦ አፑ አይሰራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ አፕ? ምን ስታደርግ? ከላይ ያሉትን ሦስቱን መልስልኝ።

ባለባጃጅ፦ ቆይ፣ ባግ በአማርኛ ምንድን ነው? ትኋን እንበለው?

ፔዳ፦ ስህተት ነው የሚባለው።

ከሽምብጥ፦ ስህተት ካልከው ሰው «እኔ ተሳሳትኩ» ብሎ ይተወዋል። እናቴ እንደዚያ ነው የምትለው፣ «ምን ነካሁ ይሆን» ትላለች።

ባለባጃጅ፦ ትኋን ግን ትክክለኛው ትርጉም ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ነፍሳት ተገኝቶ አይደል ስሙ የወጣው?

መልስ፦ የተገኘው የእሳት ራት ነው፤ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947፣ በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 1939፣ ሃርቫርድ ማርክ 2 የሚባለው ማሽን ውስጥ። መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጥፈውታል። ቃሉ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ የፈጠራ ሰው ኤዲሰን በፈረንጅ 1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ተጠቅሞበታል። ከሽምብጥ የጻፍከው ልክ ነህ። እኛም ሪፖርት ማድረጊያው ቁልፍ ላይ «ችግር ገጠመኝ» ብለን ጻፍንበት። ሰው በአፉ የሚለው እሱን ነው። ወደ ጉዳያችን።

ፖሊ፦ ችግሩ የደረሰበትን ሰዓት መጠየቅስ? አፑ ላይ የሆነው ሁሉ ለሚመዘገብበት ለሎጉ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ አመጣህ። እኔን ብዙ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

አንድ ሰው «ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ተዘጋብኝ» ብሎ ጻፈ። ፕሮግራመሩ ሎጉን ከፍቶ 3፡00 ላይ ፈለገ። ምንም የለም። «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ዘጋው። የእኛ ማታ 3 በፈረንጅ 21፡00 ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የሚጽፈው በዩቲሲ፣ ከእኛ አገር በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ስለሆነ ሎጉ ላይ 18፡00 ሆኖ ነው የሚገኘው። ሰውዬው እውነቱን ተናግሯል፣ ሎጉም እውነቱን ጽፏል፤ መሃል ላይ ያለው ቅጽ ነው ያጣላቸው። ቀኑም እንደዚሁ ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው የቀን መምረጫ አስቀምጠህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተበላሸበትን ሰው ምን ምረጥ ትለዋለህ? ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ ግን ያንን መቁጠር የእሱ ሥራ ነው እንዴ?

ስለዚህ ሰዓት አትጠይቁ። «አሁን»፣ «ዛሬ ጠዋት»፣ «ትናንት ማታ»፣ «ከዚያ በፊት» የሚሉ አራት ቁልፎች አስቀምጡ። ቅጹ የተላከበትን ሰዓት ማሽኑ ያውቃል፤ ሂሳቡን እሱ ይስራ። ሰው ሰዓት ከጻፈም በእኛ አቆጣጠር ነው ብላችሁ ተነሱ።

የዘጌ ልጅ፦ ክብደቱንስ ማን ይወስን? ሲቨሪቲ የሚባለውን?

መልስ፦ እናንተ። ተጠቃሚው አይደለም። እሱን «ሥራህን አስቆመህ ወይስ ዞረህ ጨረስክ?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት።

ባለባጃጅ፦ ባግ ላገኘ ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ ይባላል፣ ስንት ነው?

መልስ፦ ያ የደህንነት ክፍተት ለሚፈልጉ ነው፣ የዛሬ ርዕስ አይደለም። የሌላ ሰው አካውንት የሚያስከፍት ነገር ካገኛችሁ ግን ሰው በሚያየው ቦታ አትጻፉት። ለባለቤቶቹ በግል ላኩ።

ፔዳ፦ አንድ ችግር ሃምሳ ጊዜ ይላክልናል። ሰው ከመላኩ በፊት ፈልጎ ቢያይ ምናለ?

መልስ፦ ይፈልጋል እኮ! አያገኝም እንጂ። አንዱ «ሥዕል አይከፈትም» ይላል፣ ሌላው «ስዕል»፣ ሌላዋ «ስእል»። ለእኛ አንድ ናቸው። ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ፊደላችን በፈረንጅ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማሽኖች እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር የሚለዩበት መዝገብ ውስጥ፣ ሲገባ ሠ 1220 ላይ፣ ሰ 1230 ላይ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ፍለጋው ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ አለባችሁ። በሰባቱም ድምፅ። ለሚያውቅ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም፤ እኛ ጋ ከተሰራ በኋላ ግን ተመሳሳይ ሪፖርቶች እርስ በርስ መገናኘት ጀመሩ።

ፖሊ፦ አልስማማም። ሰው በትክክል መጻፍ ይልመድ። ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣች ነው፣ ሰረቀ ማለት ሌባው ወሰደ ነው። ሁለቱን አንድ አደረግካቸው።

የዘጌ ልጅ፦ ችግር እያሳወቀ ያለን ሰው የግዕዝ ፈተና ልትፈትነው ነው?

ፖሊ፦ ፈተና አላልኩም፣ ፊደሉ ይከበር ነው ያልኩት።

የዘጌ ልጅ፦ የተመለሰለት ሰው ነው ፊደሉንም የሚያከብረው።

መልስ፦ ፖሊ፣ ፊደሉን እኔም እወደዋለሁ። የጻፈውን ማንም አይነካበትም፤ እንደጻፈው ይቀመጣል። የሚጠጋጋው ፍለጋው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ይብቃ።

እና የተደጋገመ ሲመጣ «ይህ ተልኳል» ብላችሁ በሩን አትዝጉበት። «ሌሎች 12 ሰዎችም ገጥሟቸዋል፣ አንተንም ጨምረናል» በሉት። ሃምሳ ጊዜ የተላከ ችግር ማለት ሃምሳ ሰው የተቸገረበት ነው፤ ቀድማችሁ መጠገን ያለባችሁን እየነገሯችሁ ነው።

ከሽምብጥ፦ ለማይጽፉ ሰዎችስ ድምፅ ቢልኩ?

ፔዳ፦ ድምፅ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? አራት ደቂቃ ሰላምታ ነው።

መልስ፦ እኔ እሰማለሁ። ከጽሑፍ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ሰው ሲያወራ ቅደም ተከተሉን አይዘልም። የአንድ ደቂቃ ገደብ ይደረግለት። ከዚያ አንድ ሰው ሰምቶ በሁለት መስመር ይጻፈው፣ አለበለዚያ በፍለጋ አይገኝም። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ደግሞ ስክሪኑን መቅዳት ይችላል። ሲቀዳ የሚመጣ መልእክትም አብሮ ይቀዳል፣ የማረጋገጫ ቁጥርም ሊኖርበት ይችላልና ተጠንቀቁ። ደግሜ የምለው ያየሁትን ስላየሁ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ እኔ ሁለቴ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ሦስተኛ አልልክም።

መልስ፦ አልፈርድብህም። ሰው የሚሸሸው ከረጅም ቅጽ ይልቅ ከዝምታ ነው። ሲላክ ወዲያው «ደርሶናል» የሚል መልስና ቁጥር ይሰጠው። ሲጠገን ይነገረው። የማይጠገን ከሆነም ምክንያቱን ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፉለት። «ዎንትፊክስ» (አንጠግነውም) ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፣ ይሄን ስንቴ እንዳልኩት። ያቺ የ«ላክ» ቁልፍ ስትስተካከል ለዘጌዋ እናት ደውዬ ነገርኳቸው። አሁን ችግር ሲገጥማቸው የሚልኩት የእሳቸውን ብቻ አይደለም፣ አብረዋቸው በጀልባ የሚመጡትንም ጭምር ነው።

ባለባጃጅ፦ እኔም ጋ አፑ አይሰራም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

ፖሊ፦ ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ላይ ብቻ ብንቀበልስ?

መልስ፦ ለፕሮግራመሮች ይሁን። ለሌላው ሰው አይሆንም፣ አካውንት ክፈት ስትለው እዚያው ይቀራል። ከቅጹ የመጣውን እናንተ ወደዚያ አሻግሩት።

ጎርጎራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። እያደረግኩ የነበረው የጀልባ ሞተር ለመሸጥ ዋጋ መጻፍ ነው። 85,000 ብሎ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። 85 ብሎ ወጣ፣ ከኮማው በኋላ ያለውን ቆረጠው። ሰው በ85 ብር ሞተር ልግዛ እያለ ሲደውልልኝ ዋለ። ስክሪንሾቱ ይኸው።

መልስ፦ አየሁት፣ ገብቶኛል። ኮማውን እንደ ነጥብ ቆጥሮት ይሆናል። አሁኑኑ አስመዘግበዋለሁ፣ ቁጥሩን በግል እልክልሃለሁ። እስከዚያው ያለ ኮማ 85000 ብለህ ጻፈው። ስክሪንሾቱን ግን አሁን ከዚህ አጥፋው፣ ስልክ ቁጥርህ ከታች ይታያል።