የጡረታውን ፋይል ክፈቱት

ውድ ልጆቼ፣

የዶክትሬት ጥናታችሁን በሠራዊትና በሥርዓተ ጾታ ላይ ለመሥራት የወሰናችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሥራውን ስጀምር ጀግኖችን ነበር የምፈልገው። «ሴት» የሚል ቃል ያለበትን ሰነድ ብቻ እያሳደድኩ ሁለት ዓመት ፈጀሁ። በእጄ የቀረው የስም ዝርዝር ነው። ሠራዊቱ ማንን «ወታደር» እንደሚል ግን አላወቅኩም ነበር። እናንተ ይህን ጊዜ እንድታጠፉት አልፈልግም።

ዓይኔን የከፈተልኝ የጡረታ ጉዳይ ነው። ዲቦራ ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1782 ሮበርት ሸርትሊፍ በሚል የወንድ ስም ተመዝግባ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘመተች። ቆሰለችም። የጡረታ አበል የተፈቀደላት በ1805 ነው። በ1827 ካረፈች ከዓመታት በኋላ ባሏ አመለከተ፤ ለሟች ወታደር ሚስት የሚሰጠው ይሰጠኝ አለ። ሕጉ ግን ባሏ ወታደር የነበረን ሴት እንጂ ሚስቱ ወታደር የነበረችን ወንድ አያውቅም። በ1838 የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ለወራሾቿ ሲፈቅድ ባልየው ራሱ በሕይወት አልነበረም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ወታደር ወንድ ነው፣ ተጧሪዋ ሚስት ናት የሚለው እምነት በሕጉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ ገንዘብና ሞት የተመዘገበበትን ወረቀት ፈልጉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ካበረሩት ከ1,000 በላይ ሴቶች 38ቱ በሥራ ላይ ሞተዋል። በወረቀት ግን ሲቪል ነበሩ። የሟቿን አስከሬን ወደ ቤተሰቧ ለመላክ ጓደኞቿ ገንዘብ ያዋጡበት ጊዜ አለ። የቀድሞ ወታደር ተብለው የታወቁት በ1977 ነው።

ደግሞ ሥርዓተ ጾታ ማለት ሴት ማለት ብቻ አይደለም። አደራ፣ ይህን እንዳትረሱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው የተጎዳ የእንግሊዝ ወታደሮችን የሕክምና መዝገብ እዩ። ተራው ወታደር ብዙ ጊዜ «ሂስቴሪያ» ይባላል፤ መኮንኑ «ኒውራስቴኒያ»፣ ማለትም የነርቭ ድካም። ሂስቴሪያ ለረጅም ዘመን የሴት በሽታ ተደርጎ ሲቆጠር የኖረ ስም ነው። አንድ ዓይነት ሕመም፣ እንደ ማዕረጉ የተለያየ ወንድነት።

በሕይወት ያሉትን ስታነጋግሩ አትቸኩሉ። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ ማልቀስ ከመጣ መቅጃውን አጥፉት። «ጀግና ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሚመጣው የለመዱት መልስ ነው። የሶቪየት የሌሊት ቦምብ ጣይ ሴቶች መጀመሪያ የታደላቸው የወንድ ዩኒፎርምና ሰፊ ቡት ነበር። እናንተም ከጫማው ጀምሩ። ልክ ነበር ወይ? ካልሆነስ ምን አደረጉ?